ቁመቱ እንዲታወቅ የቆመው ሰው

ሞልዬ፣ የእኔ ወሬኛ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። «እንዴት ነህ» ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አላውቅም። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልቀጥል ደግሞ ይህችን ቃል በአንተ ስም ደጋግሜ ጽፌ አርክሻታለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ እነግርሃለሁ። ለሰው ያልተናገርኩት ጥፋት አለብኝና ለአንተ ልናዘዘው ብዬ ነው ዛሬ ወረቀት የያዝኩት።

መቼም የቤቱን ወሬ ሳትሰማ ሌላውን አትሰማኝም። አሁንም ኮድቡር ሰፈር እዚያችው ክፍላችን ውስጥ ነኝ። አከራያችን ኤዶ ሃዎ የውጪውን በር አረንጓዴ ቀለም አስቀብታዋለች። ስትጠይቀኝ «ያምራል» አልኳት እንጂ ዓይን ያማል። «ኤዶ በያት፣ በእነሱ አክስት ማለት ነው» ብለህ ካስለመድከኝ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። እኔ ያው ጠዋት የሰው ቤት አጸዳለሁ፣ ከሰዓት ልብስ አጥባለሁ። ጃኬትህ ከሚስማሩ አልወረደም። አንድ ቀን ላወርደው ትከሻው ላይ ስይዘው እጄን ሞቀኝ። ፀሐይ በመስኮት ገብታበት ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ሳስበው ያን ግድግዳ ፀሐይ አታገኘውም። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

የአገራችን ጦርነት አልቆመም። አንተ እያለህ የተቆረጠው የላስታ ስልክም አልተቀጠለም። እዚህ ያሉት የእኛ ሰዎች፣ ግንበኛውም ሾፌሩም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ። የደወሉለት ሰው ካላነሳ ይደነግጣሉ፣ ካነሳም ይደነግጣሉ።

አንተ ላሊበላ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት እንግዳ ስታስጎበኝ ኖርክ። መጀመሪያ በሽታው እንግዳውን አስቀረው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ያ ሁሉ ምላስ ሥራ ፈታና እዚህ ሐርጌሳ መጥተህ የሲሚንቶ መኪና ረዳት ሆንክ። ግን ምላስህ መቼ አረፈ? ስንሄድ ድንጋይ ካየህ ቆመህ ታስረዳለህ፣ ኮረብታ ካየህ ታስረዳለህ። የሚሰማህ ሰው ባይኖር እኔን ይዘህ «ክቡራን እንግዶቻችን» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን አደርግ ነበር? «ተው እግሬን አመመኝ፣ እንሂድ» ነበር መልሴ። አንድ ቀን እንኳን እስከ መጨረሻው አልሰማሁህም። ዛሬ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

እናትህ እማማ ትርንጎ ከሰፈሯ ቤተ ክርስቲያንና ከቅዳሜ ገበያ አልፋ አታውቅም። ስትሸኘን «ለፈረንጅ የእኛን አገር ስታሳይ ኖርክ፤ ለእኔ ደግሞ የሰው አገር አሳየኝ» አለችህ። አንተም እንደ ስለት ያዝከው። ትርፍ ቀን ባገኘህ ቁጥር የዚህን አገር ድንቅ ቦታ እየፈለግህ፣ አንዳንዴም እኔን እየጎተትክ፣ አምስት ቦታ ፎቶ ተነሳህ። ከአምስቱ ሦስቱን ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ሁልጊዜም ጭቅጭቃችን አንድ ነበር። እኔ «ቅረብ፣ ፊትህ ይታይ» እላለሁ፣ አንተ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። «የምናነሳው እኔን አይደለም፣ ድንጋዩን ነው። ሰው ካልቆመበት ግን ቁመቱ አይታወቅም» ትል ነበር። እንግዶችህንም እንደዚያ እያቆምክ ነበር የምታነሳቸው። ነገሩ በገዘፈ ቁጥር አንተ ትርቃለህ።

አምስቱንም ዋሄን ገበያ ካለው ፎቶ ቤት አሳጠብክና ከትንሹ ወደ ትልቁ ከጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ሰጠሃቸው። ለምን አንድ ላይ አትልክላትም ብልህ ሳቅክብኝ። «አንድ ላይ ብልክላት አንድ ቀን ታያቸዋለች። አንድ በአንድ ብልክላት ግን ዓመት ሙሉ ትጓዛለች» አልከኝ። የመጀመሪያውን አገር ቤት የሚመላለሰው ሾፌር ሙሉጌታ ይዞልህ ሄደ። እሱ አዳማ ድረስ ያደርሰዋል፣ ከዚያ የላስታ ነጋዴዎች ይቀበሉታል፣ ዋናው መንገድ ስለተዘጋ በጋይንት በኩል በእግር ይገባል፤ ጓደኛህ ጌታነህ ለእማማ ያነብላታል። ደርሶ መልስ ሁለት ወር የሚፈጅ ፖስታ ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ ዋሄን አጠገብ፣ መሐል ከተማ የቆመው የአውሮፕላን ሐውልት ነው። አንተ ከሥሩ ቆመህ ጥርስህ ሁሉ ይታያል። ከጀርባው ነጭ ቦታ አላስቀረህም። በእነሱ ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ከዚህችው ከተማ ማኮብኮቢያ እየተነሱ ይህችኑ ከተማ ይደበድቡ እንደነበር፣ የወደቀውን አንስተው መታሰቢያ እንዳደረጉት፣ ክንፉ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳይቀር ጻፍክላት። በጠርዙ ደግሞ «እናቴ፣ ገና አራት ይመጣሉ» ብለህ አጣበህ አስገባህ። ኤዶ ሃዎ በዚያ ስታልፍ ቀና ብላ አታየውም። ከሥሩ ስትደርስ እርምጃዋ ይፈጥናል። ያኔ ልጃገረድ ነበረች፤ ድምፁ ገና አላለፈም ትላለች። አብሬያት ስሄድ እኔም ሳላውቀው እፈጥናለሁ።

ፖስታው በሄደ በሦስተኛው ሳምንት የበርበራ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳና መኪናችሁ ተገለበጠ። የአንተ መኪና ሾፌር ተረፈ፣ አንተ ቀረህ። ይህን ለአንተ መንገሬ ሞኝነት ነው። ግን ማንም ሲነግረኝ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም ነበርና ራሴ ልበለው። ከከተማው ዳር ቀበርንህ። ካህን የለ፣ ፍትሐት የለ። በአገሩ ዲያቆን የነበረ ግንበኛ ቆሞ ዳዊት ደገመልህ። ነፋሱ ገጹን ሲገልጥበት፣ አውራ ጣቱ ሲሚንቶ እንደያዘ ነበር።

ከዚያ የእማማ ነገር መጣ። ማን ያርዳት? መርዶ በደብዳቤ አይላክም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ የሚደግፋት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገራት። ጦርነት መሐል፣ ዘመዱ ሁሉ ዱር በገባበት ሰዓት፣ ወረቀት ልከን ብቻዋን ትውደቅ? የእኛ ሽማግሌዎች ክፍላችን ውስጥ ተቀምጠው መከሩና መንገድ እስኪከፈት ይቆይ አሉ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። የቀረው የእኔ ነው።

ሙሉጌታ ሲመለስ «ሁለተኛው ፎቶ ካለ ስጪኝ፣ ተቀባዮቹ አዳማ ናቸው» አለኝ። አራቱ ከነፖስታቸው መደርደሪያው ላይ ነበሩ። ዝም ብል ትጠረጥራለች ብዬ ቁጥር ሁለትን አወጣሁ። ጀርባው ባዶ ነበር፤ ማብራሪያውን ስትልከው ልትጽፍ ነበር ያስቀመጥከው። ያንተን ፊደል አስመስዬ «እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽ ሞላ» ብዬ ጻፍኩ። አንተን ከቀበርን ወር አልሞላንም። እጄ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም።

ያ ፎቶ የላስ ጌል ነው፤ የዋሻዎቹ። ትዝ ይልሃል? ጠባቂው ሰውዬ ድሮ እረኞች ጂን አለበት እያሉ አይጠጉትም ነበር ሲለን እኔ ልመለስ አልኩ። አንተ ጭራሽ ገባህ። ጣሪያው ሁሉ በቀይና በነጭ የተሳሉ ከብቶች ነው፣ አንገታቸው ላይ ጌጥ ያለባቸው፣ ከሥራቸው ደግሞ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ትንንሽ ሰዎች። ሰዎቹ ከብቶቹን አያዩም፣ የሚያዩት የገባውን ሰው ነው። የቆጠሩን መሰለኝ። ስንወጣ አንተ ገና ስታስረዳ እኔ ቁልቁል ሮጬ ነበር። ምን እንዳልክ አንዱንም አልያዝኩትም፤ ስለዚህ ከጀርባው የምጽፈው ነገር አልነበረኝም።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። «ከብቶቹን አየኋቸው። ማን ነው የሳላቸው? ከመቼ ወዲህ ናቸው?» የሚል ነው፣ ሌላ የለውም። እፎይ አልኩ። አመነች ብዬ።

ሦስተኛው የበርበራ ባሕር ነው። አንተ ውኃው ዳር ነህ፣ አውራ ጣት የምታህል። ፊትህ አለ፣ ግን ዓይንህ የለም። «ደህና ነኝ» ብዬ ላክሁት። በዚህኛው መልስ እማማ ስምህን አልጠራችም። ለእኔ ነው ያስጻፈችው። «ዝናሽ፣ ባሕሩ ጥልቅ ነው? ሰው ከእሱ ወዲያ ይሻገራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ከፍራሹ ሥር ከሸሸግሁት በኋላ እንኳን ጥያቄው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

አራተኛው የሼክ ተራራ መንገድ ነው፤ ያ እባብ ይመስል የሚጠማዘዘው። አንተ ከታች ካለው ጥምዝ ላይ ቆመሃል፣ የስንዴ ፍሬ ታክላለህ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ፖስታውን በከፈትኩ ቁጥር አንተ አንሰህ ትጠብቀኛለህ። እኔ ነኝ አንድ በአንድ የማወጣህ፣ አንተ ደግሞ አንድ በአንድ ትሄዳለህ። ፎቶዎቹ ሁሉ በሕይወት እያለህ የተነሱ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ ከተቀበርክ በኋላ የተራመድክ ይመስለኝ ጀመር። ፈራሁ ሞልዬ። ፖስታውን በፊቱ ደፍቼ ኩባያ ጫንኩበት። አራተኛውን ግን ላክሁት፤ ካቆምኩ መርዶ ይሆናል ብዬ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አርባህ አለፈ፣ ሰማንያህ አለፈ፣ መንፈቅህ አለፈ። እናትህ አታውቅምና በአገርህ ደጀ ሰላም ስምህን ለጸሎት የሰጠ የለም፣ ተዝካር ያወጣልህ የለም። ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ። በሕይወት ነህ እያልኩ ሙታን ከሚያገኙት ሁሉ አስቀረሁህ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ውድ ባሌ፣ ነፍስህ በማን ደጅ ትቆይ እንደነበር ሳስብ ከምግቤ እነሳለሁ።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ ናሳ ሀብሎድ፣ ከከተማው ውጪ ያሉት ሁለቱ ሾጣጣ ኮረብታዎች። የስማቸውን ትርጉም፣ የልጃገረድ ጡቶች ማለት ነውና፣ ለእናትህ መጻፍ አፍረህ «መንታዎቹ ብል ይሻላል» ያልከኝ። እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ ነበር ያነሳሁህ። አንተ እርምጃህን ጮክ ብለህ እየቆጠርክ ሄድክ፣ ሦስት መቶ አርባ ላይ ቆምክ፣ ዋሻ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች ሁለት እጅህን አነሳህ። ያኔ ነው ቁልፉን የተጫንኩት። ባለፈው ወር ኩባያውን አንስቼ ፎቶውን ሳየው አንተ የለህም። ዋሄን ይዤው ሄድኩ፤ ፎቶ አጣቢው በማጉያ መነጽር ጥግ ጥጉን ፈለገ። ቁጥቋጦ አለ፣ ድንጋይ አለ። «ሰው አለ ያልሽኝ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። እኔ እጁን ሲያነሳ አይቻለሁ አልኩት። ሰውዬው ፎቶውን ቀስ አድርጎ መለሰልኝና የአሳጣቢውን ሁሉ ሥራ ትቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ልልከው አልቻልኩም። ሰው የሌለበትን ፎቶ «ደህና ነኝ» ብዬ እንዴት ልላክ?

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሙሉጌታ ያለ ፖስታ የመጣው። ጌታነህ ኔትወርክ እስካለበት ድረስ በእግሩ ወጥቶ በስልክ የላከውን አሳየኝ። እማማ ትርንጎ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ጸጉሯ ተላጭቷል። አጠገቧ በርጩማ ላይ የአንተ የመጀመሪያ ፎቶ ቆሟል፣ ያ ከአውሮፕላኑ ሥር የሳቅክበት። ከኋላዋ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሙሉጌታ ከፎቶው ጋር የመጣውን መልእክት ሊያነብልኝ ፈልጎ ነበር፤ ስልኩን ነጥቄው ራሴ አነበብኩ።

«ልጄ ዝናሽ፣ አትደንግጪ። ያወቅሁት ከብቶቹ የመጡ ዕለት ነው። ልጄ ድንጋይ አይቶ ዝም አይልም። ማን ሳላቸው ብዬ ጠየቅሁ፣ መልስ የለም። ባሕሩን ጠየቅሁ፣ መልስ የለም። የሚያረዳኝ ሰው መንገድ ተዘግቶበት እንደቀረ ገባኝና ራሴን አረዳሁ። መንፈቁን አውጥቼለታለሁ፣ ያለኝ ጥቂት ቢሆንም ሰው አልተለየኝም። አንቺ በሰው አገር ሆነሽ የሠራሽውን ጎጆ እንዳላፈርስብሽ ብዬ ዝም አልኩ። እንግዲህ ይበቃናል። አምስተኛውን ላኪልኝ። ግን እሱ የሚጽፈውን ያህል ጻፊበት። ልጄ ያስጀመረኝን መንገድ ልጨርስ።»

ኤዶ ሃዎ ድምፄን ሰምታ ገባች። አማርኛ አታውቅም። የእማማን ፎቶ አየች፣ ከዚያ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ወር ሙሉ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩልህ።

ዓርብ ዕለት፣ ሙሉጌታ ሲያርፍ፣ ሦስታችን ናሳ ሀብሎድ ሄድን። በመንገድ ላይ ኤዶ ሃዎን ስጠይቃት ዋልኩ። ውኃ የሚያቁረው በየት ነው፣ ማን ይወጣበታል፣ በጦርነቱ ጊዜ ሰው በየት በኩል ሸሸ። ሥራ ፈት ሆነሽ ነው ወይ እስክትለኝ ድረስ። ከቆምኩበት ሜዳ ተነስቼ እርምጃ ቆጠርኩ። ያንተ እግር ይረዝማልና ሦስት መቶ አርባ ላይ ስደርስ ምንም አልነበረም፤ ቀጠልኩ። አራት መቶ ሲሞላ እግሬ ሥር ሦስት ድንጋይ ተደራርቦ አገኘሁ። ላሊበላ እያለህ እንግዳ የሚቆምበትን እንደዚያ ነበር የምታመለክተው። ፍየሎች በየቀኑ የሚያልፉበት ሜዳ ላይ አንዷ እንኳን አልወደቀችም። ነፋሱ ቆሞ ነበር። ከኋላዬ ሰው የሚቆጥር ይመስል ነበር፣ በዝግታ፣ ለእንግዳ እንደሚቆጠር ዓይነት። ዞር አላልኩም። ፈርቼ አይደለም፣ ቆጠራው እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። ሁለት እጄን አነሳሁና ሙሉጌታ አነሳኝ።

ፎቶው ሲታጠብ አጣቢው በማጉያው አይቶ «አሁንስ አለሽ» ብሎ በብዕሩ ጫፍ አንዲት ነጥብ ጠቆመኝ። እኔ ራሴን ያገኘሁት ግን ትንሽ ወደ ግራ ነበር። እሱ የጠቆመውና እኔ የጠቆምኩት አንድ ቦታ አልነበረም። አልተከራከርኩትም።

ሁለቱንም አምስተኛ ፎቶ ልልክላት ነው፣ ያንተንም የእኔንም። ነገ ሙሉጌታ ይወስዳቸዋል። ያንተን ጀርባ እንዳለ ተውኩት። በእኔ ላይ ግን ትናንትና ተቀምጬ ጻፍኩ። ጠዋት ቀለማቸው ምን እንደሚመስል፣ ከየትኛው የከተማ ጥግ እንደሚታዩ፣ ኤዶ ሃዎ በልጃገረድነቷ ከእናቷ ጋር በዚያ በኩል በእግሯ ስትሸሽ ወደ ኋላ እያየቻቸው መንገዷን እንደለካች። ከብቶቹን ስለሳሉት ሰዎችና ስለ ባሕሩም የጠየቀችውን ጠይቄ ያገኘሁትን ጨመርኩላት። የኮረብታዎቹን ስም ለመጻፍ አንተ እንዳፈርክ እኔም አፍሬ መንታዎቹ ብያቸዋለሁ። ነጭ ቦታ አልቆ በጠርዙ መዞር ጀመርኩ፤ አንተ ስትዞር እስቅብህ ነበር።

ወሬኛዬ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ ሳይ ቆሜ እሰማሃለሁ። እግሬን አመመኝ አልልም። መንገድ ሲከፈት የመቃብርህን አፈር በነጠላዬ ቋጥሬ ለእማማ እወስድላታለሁ፣ የአምስቱንም ቦታ ወሬ እንደገና በአፌ እነግራታለሁ። እስከዚያው የሦስቱን ድንጋይ ነገር አደራ፣ አትነሳ ከዚያ።

ትናንት የፎቶዬን ጀርባ ጽፌ ጨርሼ ስሜን ልፈርም ስል እጄ እንደለመደው «ደህና ነኝ» ሊል ተነሳ። ያዝኩት። በቀረችኝ ጠርዝ ላይ እንዲህ ብዬ ጨረስኩ፦ እማማ፣ ቁመቱ እንዲታወቅ የቆምኩት እኔ ዝናሽ ነኝ።